ሁለት ጎማና አንድ ጭብጥ ሣር

ስሙን ሳልደናቀፍ መጥራት የቻልኩት ከተቃጠለ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ በር ላይ ነርሷ "ምን አቃጠላት?" ስትለኝ "ሆቨርቦርድ" አልኳት፤ አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ወጣልኝ። ከዚያ በፊት "ያ ነገር" ነበር የምለው። የልጅ ልጄ "ቦርዱ" ትለዋለች።

ለማያውቀው ልንገረው። ግራና ቀኝ ሁለት ጎማ፣ በመካከሉ የሁለት እግር መቆሚያ፣ ሆዱ ውስጥ ባትሪ። መሪ የለውም። መያዣም የለውም። የቆመበት ሰው ወደ ፊት ዘንበል ሲል ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ዘንበል ሲል ይቆማል። መጀመሪያ ያየሁት በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ነው። ሰፈራችን ሲቀላ መንገዱ ኮብልስቶን ስለሆነ በመንገድ ላይ አይነዳም፤ ሲቀላ ውስጥ ለልጆች ሰፊና ልሙጥ ሲሚንቶ ያለው እዚያ ግቢ ነው። እሑድ አገልግሎቱ ሲያልቅ፣ አዋቂው ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ ያላቸው ልጆች ይነዳሉ፣ የሌላቸው ይቆማሉ። የእኔዋ ከሚቆሙት ነበረች።

እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ሩቅ ወረዳ አስተማሪ ናት። እዚያ ያለውን ትምህርት ቤት ስላልወደደችላት ልጅቷ እኔ ዘንድ ትማራለች። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን። ጡረተኛ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ገባሁ፣ ታይፒስት ሆኜ ወጣሁ።

ልጅቷ አልለመነችኝም። ብትለምነኝ እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር። ክብ እንጨት ከጓሮ አንሥታ ጣውላ ጫነችበትና ማንጎው ሥር ሚዛን መጠበቅ ትለማመድ ጀመር። ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ አቧራዋን ታራግፋለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ይህን እያየሁ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ለጎረቤቴ ነገርኳት።

ጎረቤቴ ስል ዝም ብሎ የአጥር ተጋሪ ማለቴ አይደለም። ሁለታችንም ደጋ ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጆች ነን፤ ሁለታችንም ሙሽራ ሆነን ወደዚህ ቆላ ወረድን፤ ወባው እኩል አንቀጠቀጠን። ከልጆቿ የመጨረሻው አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለው፤ ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ያገለገለ ቴሌቪዥን ይሸጣል፣ ይጠግናል። የቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ማጉያም በእሱ እጅ ነው። ማይኩ ሲጮህ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እሱን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይታመናል።

"ታዲያ ከልጄ ውሰጂያ!" አለችኝ። "ለባዕድ የሚሸጠውን ላንቺ ይነፍግሻል?"

ሄድን። በሱቁ በር ላይ ተደርድረዋል፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ። በእያንዳንዱ ላይ በኮምፒውተር የተጻፈ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። "ታድሷል" ይላል።

"መታደስ ማለት ምን ማለት ነው?" አልኩት።

"እናቴ፣ ላንቺ አሮጌ አልሰጥም። ውጭ አገር ፋብሪካው ራሱ ይከፍተዋል። የደከመውን ያወጣል፣ አዲስ ይከታል፣ ይዘጋል። ከአዲሱ የሚለየው ዋጋው ብቻ ነው።"

"ባትሪውም አዲስ ነው?"

"ሁሉም ታድሷል ስልሽ!"

እናቱ በሩ ላይ ዱካ ስባ ተቀምጣ ነበር። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እንኳ በጌታ ይታደስ የለ? ዕቃ ቢታደስ ምን ይገርምሻል?" አለች። ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጥቁሩን ገዛሁ። ከአዲሱ ዋጋ ጋር ሲተያይ በጣም ርካሽ ነበር፤ አዲሱን የምገዛበት አቅም አልነበረኝም። ስለ ዋጋው ከዚህ ሌላ የምለው የለም።

ልጅቷ ያን ዕለት አልወደቀችም። ጣውላው አስተምሯታል። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ጠባብ ሲሚንቶ ስትዞርባት፣ ስትዞርባት፣ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ አየኋት። ከእናቷ ከተለየች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሥጋት የገባኝ በማግሥቱ ነው። ሥራዬ ዕድሜዬን ሁሉ ፊደልና ቁጥር ማስተያየት ነበርና ዓይኔ የተጻፈ ነገር አያልፍም። ቦርዱን ገልብጬ ሆዱ ላይ የታተመውን አነበብኩ። ቻርጀሩ ላይ የታተመውንም አነበብኩ። የቮልቱ ቁጥር አይገናኝም። ቻርጀሩ ይበልጣል። ደግሞ ያቺን "ታድሷል" የምትል ወረቀት አየኋት። የውጭ አገር ፋብሪካ በአማርኛ መጻፍ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? አልኩ ለራሴ።

ቻርጀሩን በፌስታል ይዤ ሱቁ ሄድኩ።

"ትንሽ ልዩነት ምንም አያደርገውም፣ እናቴ" አለኝ። "ስልክሽን ባገኘሽው ቻርጀር አይደል የምትሰኪው?"

እውነቱን ነው፤ እንደዚያ ነው የማደርገው።

"ወረቀቱንስ ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኛ። የእነሱን ማን ያነብልኛል?"

ለሁሉም መልስ ነበረው። ወደ ቤት ስመለስ መልሶቹን አንድ በአንድ አነሣኋቸው፤ በየራሳቸው ሲታዩ ደህና ናቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ልቤ አልተቀበላቸውም። ልጅቷን ግን "እንመልሰው" ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ቦርዱ ቤት ውስጥ አይሰካም። በቀን ብቻ፣ ውጭ፣ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ባለሁበት ይሰካል። ገመዱ በመስኮት ይወጣል። መብራት ከሄደ ወዲያው ይነቀላል፤ ምክንያቱም እዚህ አገር መብራት ሲመለስ በጉልበት ነው የሚመለሰው፤ ስንት አምፖል እንደፈጀብኝ እኔ አውቃለሁ።

በተሰካ ቁጥር በርጩማ አምጥቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ልጅቷ ትስቅብኛለች።

"እማማ፣ ወተት የጣደች ሴት መሰልሽ እኮ!"

"ቢሆንስ?"

"ይገነፍላል ብለሽ ነው?"

ጎረቤቴም ከአጥሩ በላይ አንገቷን አውጥታ ትጨምርበታለች። "ጡት የምታጠቢው ነው የመሰለኝ! ልጄ የሸጠው ዕቃ እባብ ነው እንዴ?"

ከሰነበተ በኋላ ሽታ ጀመረው። የተቃጠለ ጎማ ቢሸት ይገባኛል፤ ይህ ግን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ ነው። እሱንም ሄጄ ነገርኩት።

"አዲስ ፕላስቲክ ነው፣ ይለቃል" አለኝ።

"ታድሷል አላልከኝም?"

"አዲስ ፕላስቲክ ገብቶለት ነዋ የታደሰው!"

አየሁት። የተናገረውን እሱ አልሰማውም፤ እኔ ሰማሁት። የታደሰው ልብሱ ነው እንጂ ሆዱ አይደለም ማለት ነው። ያን ዕለት ወደ ቤት ስሄድ ቦርዱን እንደምንመልሰው ለልጅቷ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። ቅዳሜ እነግራታለሁ አልኩ፤ ትምህርት በሌለበት ቀን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሆነው። ቦርዱን ከምሳ በኋላ ሰክታው ነበር። እኔ በርጩማዬ ላይ ነኝ፣ እሷ በረንዳው ላይ ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ ኩርኩፋ በጎመን እየበላች ነው። መብራት ሄደ። ሬዲዮው ዝም ሲል እኔ ከመነሣቴ በፊት እሷ ሳህኗን አስቀምጣ ሮጠች። እኔ ያወጣሁትን ሕግ ልትፈጽም ነው። ጎንበስ ብላ ገመዱን ስትይዝ መብራቱ ተመለሰ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ከሆዱ እሳት ወጣ። ጭስ ሳይቀድመው ነው የወጣው። ቀኝ እጇንና የቀኝ ቅልጥሟን ያዛት።

ጎትቼ አወጣኋት። አፈር በባልዲ ደፋሁበት። ውኃ እንዳልደፋ ያደረገኝ ዕውቀት አይደለም፤ ያን ቀን የሲቀላ ቧንቧ ደርቆ ስለነበረ ነው። ባጃጅ የጠራልን ሰው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በመንገድ ላይ ልጅቷ አላለቀሰችም። "እማማ፣ ነቅዬው ነበር" ብቻ ነው የምትለው። "ነቅዬው ነበር እኮ።"

ቅልጥሟ ዳነ። እጇም ዳነ ይባላል። ጠቋሚ ጣቷ ግን ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። አሁን በግራ እጇ መጻፍ እየተማረች ነው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሄድኩ። ያው ተደርድረዋል፤ ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ሌሎችም ተጨምረዋል።

"እናቴ፣ ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ይማርልሽ" አለኝ። ፊቱ ደንግጧል፤ ይህን አልክድም።

"አውርዳቸው።"

"ምኑን?"

"እነዚህን። አንድም ለልጅ አትሽጥ።"

"እናቴ፣ ያቃጠላት መብራቱ ነው። ሄዶ ሲመጣ ነው ያላችሁት። እኔ መብራት አልሸጥኩላችሁም።"

በሕይወቴ በገበያ መካከል ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ቢሮ ስሠራ እንኳ አለቆቼ "ትንሽ ጮክ በይ" ይሉኝ ነበር። ያን ዕለት ዞሬ በበሩ ለሚያልፈው ሁሉ ተናገርኩ። "ይህን ዕቃ አትግዙ። ባትሪው አሮጌ ነው። የልጅ ልጄን አቃጥሏታል።" ሰው ቆመ። ሙዝ ጭኖ ከላንቴ መንደር የመጣ ጋሪ እንኳ ቆመ። ደገምኩት። የጎረቤቴ ልጅ የሱቁን በር እስከ ግማሽ ሳበው።

በዚያው ቀን ጎረቤቴ መጣች። ሙዝ ይዛ፣ ልጅቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለይምሰል አልነበረም፤ የእሷን ልቅሶ አውቀዋለሁ። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

"ልጄን በገበያ ፊት አቃጣይ አልሽው።"

"ቦርዱን ነው ያልኩት።"

"ቦርዱን የሸጠው ማን ነው?"

"ልጅሽ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ የቀረውን ያውርደው። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"የተበደረውን አፍስሶ ያመጣውን ዕቃ የት ይጣለው? ይብላኝ ለእኔ እንጂ አንቺስ ምን አለብሽ!" ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ "ለአባቶች ነግሬያለሁ" አለች።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የጋሞ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለሌላው ልናገር። በእኛ ዘንድ ሁለት ቤት ሲጣላ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ፤ በተበደለው ፊት ይንበረከካሉ። አባት የሚያህል ሰው ሣር ይዞ ተንበርክኮ ሲለምን እምቢ ማለት የለም። የታረቀ ነገር አይነሣም። ያነሣ ሰው ሣር ረገጠ ይባላል፤ ይህም በአባቶቻችን ዘንድ ጎሜ ነው፤ መዘዙ በከብት፣ በእህል፣ በልጅ ላይ ይወርዳል የሚባል ነውር። ቤተ ክርስቲያናችን በጎሜ አታምንም። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መካከል ሣር የረገጠ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ከኦቾሎ ወረዱ። ትልቁ የሟቹ ባሌ አጎት ነው። ሣሩን ከዚህ አላጨዱትም፤ የቆላ ሣር ነው ብለው ንቀውት ይሁን አላውቅም፣ ከደጋ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አምጥተውታል። ወደ ቤት ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ግቢው ውስጥ፣ አፈሩ በጠቆረበት ቦታ አጠገብ፣ በሙቀቱ መካከል ተንበረከኩ። ከኋላቸው ልጁ ተንበረከከ። ከእሱ ኋላ እናቱ።

"እናታችን" አለ ትልቁ፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ግን ሣር ሲያዝ አነጋገሩ እንዲህ ነው። "ከአንድ ኮረብታ የወረደ ሁለት ቤት እንደ ባዕድ ሊተያይ አይገባም። ልጁ አጥፍቷል። ይቅር በይው።"

"አባቶቼ፣ ተነሡልኝ። ጠብ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፤ የቀሩትን አይሽጥ።"

ተያዩ። ከሦስቱ አንዱ ጆሮው ከበድ ይላል። "ምን አይሽጥ ነው የምትለው? በሬ ነው?"

"ዕቃ ነው" አለው ጎኑ ያለው። "ልጆች የሚቆሙበት።"

"ለምን ይቆሙበታል?"

"ለመሄድ።"

"እግር የላቸውም?"

ልጅቷ እጇ እንደተጠቀለለ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ከተቃጠለች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ሳቁ፣ ልጁም ሳቀ። እኔም ፈገግታዬ አመለጠኝ። እንደዚያ ከተሳቀ በኋላ ነገሩን መልሶ ማክበድ ከበደኝ።

ትልቁ አልሳቀም። "በሣር ላይ ውል አይዋዋሉም" አለኝ። "ሣር የያዘ እጅ ሌላ ነገር አይጨምርም። ይቅር ብለሻል ወይስ አላልሽም?"

"ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝስ? ዕቃው ደህና ነው ወይ ቢለኝስ?"

"የተቀበረ አይቆፈርም።"

"ልጆች ናቸው እኮ የሚቃጠሉት፣ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይጠብቃቸዋል። ጉልበቴ ደከመ፣ ልጄ።"

ጉልበቱ በእውነት ይንቀጠቀጥ ነበር። ላቡ በሣሩ ላይ ይንጠባጠባል። ሣሩን ተቀበልኩ። ልጁ እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ የከፈልኩትን ገንዘብ መለሰልኝ፤ ለሕክምናውም ጨመረበት። እናቱ አንገቴን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አለቀቀችኝም። ሁሉም የሚገባውን አደረገ። ሰውና ሰው ይታረቃል። ባትሪ ግን አይታረቅም። ይህን ያኔ ብናገረው ኖሮ ጥሩ ነበር፤ የመጣልኝ ግን ሰዎቹ አውቶቡስ ከተሳፈሩ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ። ጎረቤቴ እንደ ድሮዋ በየጠዋቱ በአጥሩ ትጣራለች። እሑድ አንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። ልጅቷንም "ሰው ቢጠይቅሽ ወድቄ ነው በይ" ብላ መከረቻት። ልጅቷ ወደ እኔ አየች። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል እሷ ምን እንደምትማር አውቅ ነበር።

ወደ መናኸሪያው ስሄድ በዋናው መንገድ መሄድ ትቼ በጀርባ መዞር ጀመርኩ። አንዳንዴ ግን ይረሳኝና በሱቁ ፊት አልፋለሁ። ሰማያዊው የለም። ሌላ ጊዜ ከተጨመሩት አንዱ የለም። ምናልባት ቻርጀራቸውን ለውጦት ይሆናል እላለሁ። ምናልባት ባትሪውን አይቶት ይሆናል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የሸጠውን አምኖ ነው የሚሸጠው፤ አስፈሪውም ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ከሌላ ከተማ ተዛውራ የመጣች፣ ከበስተጀርባችን ቤት የተከራየች የቢሮ ሠራተኛ ናት። በቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ፤ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ አለቻት። ስለ ሣርም ስለ ጎሜም የምታውቀው ነገር የለም።

"እማማ፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ ነው" አለችኝ። "የርስዎ ልጅ ያ ቦርድ ነበራት አሉኝ። የእኔዋ አላስቀምጥ አለችኝ። ከመናኸሪያው ሱቅ ልገዛላት ነው፤ ደህና ነው?"

የልጅ ልጄ በረንዳው ላይ ደብተሯን ዘርግታ ነበር። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀኝ እጇን ከጠረጴዛው በታች ከተተችው። ወድቄ ነው በይ ያለቻት ጎረቤቴ በቦታው አልነበረችም። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

"አትግዢ" አልኳት ሴትዮዋን።

"ለምን፣ እማማ?"

"አትግዢ ብያለሁ። ሌላ አትጠይቂኝ።"

ሴትዮዋ ወደ ልጅቷ ዞረች፤ ጠረጴዛውን አየች፤ የገባት መሰለኝ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ሄደች። ልጅቷ እጇን አወጣችና ጽሕፈቷን ቀጠለች። አንድ ልጅ ተረፈች አልኩ በልቤ። ለዚህ የሚመጣው ይምጣ።

ብዙ ሳይቆይ መጣ። ጎረቤቴ በአጥሩ አልተጣራችም፤ ዞራ በበሩ መጣች። ግቢ አልኳት። ደፍ ላይ ቆመች።

"ሣር ረገጥሽ" አለችኝ።

"አንድ ቃል ነው የተናገርኩት።"

"አንድም ቃል ይሁን። ያ ሽማግሌ በዚያ ጉልበቱ የተንበረከከው ላንቺ ነው።"

"ሴትዮዋ ልጅ አላት። ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?"

"አላውቅም በያት! ሰው አላውቅም ብሎ ሞቶ ያውቃል?" ከዚያ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። "ደግሞ ሴትዮዋ ለልጄ ምን እንዳለችው ታውቂያለሽ? 'ጎረቤታችሁ አትግዢ ብላኛለች፤ ስለዚህ ቀንስልኝ' አለችው።"

"እና?"

"ቀነሰላታ! ምን ያድርግ? ወሰደችው።"

"ወሰደችው?"

"ለልጇ አንጠልጥላ ሄደች። አንቺ ሣር ረግጠሽ ያተረፍሽው የእሷን ቅናሽ ነው።"

ወጣች፤ በሩን በቀስታ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ማንም አልሰደበኝም። የእኛ ሰዎች አይሳደቡም። እሑድ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ያለችው ሴት ቦርሳዋን በመካከላችን ታስቀምጣለች፤ ሰው የሚመጣ ይመስል። ጎረቤቴ ወደ ፊተኛው ረድፍ ተዛውራለች። ሰላም ስላቸው "ጌታ ይባርክሽ" ይሉኛል፤ እጃቸውን ግን ቶሎ ይሰበስባሉ። ኦቾሎ ላይ ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ላም ሞተች ሲባል ሰማሁ፤ ስሜ ሳይነሣ አልቀረም። ልጄ ከወረዳው ደውላ "እማዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ዝም ብትይስ?" አለችኝ። የልጇ እጅ ነው እኮ። እሷም ከኦቾሎ ዘር ናት፤ አልፈረድኩባትም።

ባለፈው እሑድ አገልግሎቱ አልቆ ሰዉ ሲወጣ፣ እኔን የሚያቆመኝ ስለሌለ ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ይነዳሉ። የሴትዮዋ ልጅ ቀዩ ላይ ናት። "ታድሷል" የሚለው ወረቀት ገና አልተላጠም። በእኔ በኩል ስታልፍ ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ የመጣብኝ መሰለኝ፤ ወይም ሐሳቤ ነው። ሆዱን በእጄ ዳስሼ መጋሉን ለማየት ፈለግሁ።

"ነይ እስቲ፣ ልየው" አልኳት።

ቆመች። ወረደችና ቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችው። "እርስዎ እንዳይነኩት ተብያለሁ" አለችኝ፤ በትሕትና ነው የተናገረችው።

"ማን አለሽ?"

"እናቴ። እርስዎ የነኩት ይቃጠላል አሏት።"

"እሺ፣ አልነካውም። ስትሰኩት የት ታስቀምጡታላችሁ?"

"አልጋ ሥር" አለችኝ፤ ወጣችበት፣ ዘንበል አለች፣ ሄደች።

እናቷን በዓይኔ ፈለግኋት። ጥላው ሥር ከጎረቤቴ ጋር ቆማ ታወራለች። ስነሣ ሁለቱም አዩኝ። ጎረቤቴ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እኔ ወደ እነሱ ሄድኩ።